የቡናው ገለፈትና የመኪናው መብራት

በተፈጥሮ ውስጥ ውዳቂ የሚባል ነገር የለም። ከዛፍ የረገፈው ቅጠል በስብሶ ያንኑ ዛፍ ይመግባል፤ ወንዝ የተሸከመው ደለል ታች ያለውን ማሳ ያለመልማል። አንድን ነገር «ውዳቂ» ብሎ ስም የሚያወጣለት ኅብረተሰብ ነው፤ ስሙንም የሚያወጣለት የምርት ኃይሎቹ በደረሱበት የዕድገት ደረጃ ልክ ነው። ትናንት በየቦዩ የተደፋው ዛሬ የፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ሆኖ መገኘቱ፣ በአንዱ አገር በእሳት የሚጋየው በሌላው አገር በሚዛን ተለክቶ መሸጡ ከዚህ የመነጨ ነው። ነገሩን በረቂቅ ቃላት ብቻ ከመተንተን ይልቅ የሠፈር ማኅበር አባላትና ሠራተኞች በየዕለቱ ከሚያውቋቸው ሁለት ነገሮች፣ ማለትም ከቡናና ከመኪና ተነሥቶ መመርመር የተሻለ ይሆናል።

ሰኮሩ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በጅማ፣ በአጋሮ፣ በጎማና በሊሙ የተለቀመው ቡና በጭነት መኪና ወደ መሐል አገር ሲጓዝ በእርሷ በኩል ያልፋል። ከወዲያ አቅጣጫ ደግሞ ጎማ፣ ባትሪ፣ መለዋወጫና የፋብሪካ ሸቀጥ ይመጣል። እንግዲህ የሰኮሩ ነዋሪ ከደጁ ሳይርቅ የአንድን አገር የኢኮኖሚ አቋም በዓይኑ ማየት ይችላል። ጥሬ ዕቃ ወደ ውጭ፣ የተሠራ ዕቃ ወደ ውስጥ! ይህ የሁለት መንገደኞች መተላለፍ ለብዙ ዘመን ስለ ቡና ዋጋና ስለ ነዳጅ ዋጋ ብቻ ሲነገርበት ቆይቷል። ዛሬ የምናነሣው ግን በዚሁ መንገድ የሚያልፈውንና ማንም የማይቆጥረውን ሦስተኛ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 የአሜሪካው የአውቶሞቢል አምራች ፎርድ፣ ማክዶናልድስ ከተባለው የምግብ ቤቶች ኩባንያ ጋር በመሆን አንድ ነገር ይፋ አደረገ። ቡና ሲቆላ ከፍሬው ላይ የሚላቀቀውን ስስ ገለፈት ሰብስቦ የመኪና ክፍል ሊሠራበት መሆኑን አስታወቀ። አሠራሩ የሚከተለው ነው። ገለፈቱ ኦክሲጅን በተቀነሰበት ምድጃ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት ይጋገራል፤ ከፕላስቲክና ከሌሎች ማጠናከሪያዎች ጋር ይደባለቃል፤ ከዚያም ጥራጥሬ የሚመስሉ ትናንሽ እንክብሎች ሆኖ ይወጣል። እንክብሎቹ ቀልጠው ወደ ቅርጽ ማውጫው ሲገቡ የመኪናው የፊት መብራት የሚቀመጥበት ማቀፊያ ይሆናሉ። ቀደም ሲል ለዚሁ ሥራ ከፕላስቲኩ ጋር የሚደባለቀው ታልክ የተባለው የማዕድን ዱቄት ነበር። በቡና ገለፈት የተሠራው ማቀፊያ ከቀድሞው በ20 በመቶ ገደማ የቀለለ መሆኑን፣ ቅርጽ በማውጣቱ ሥራ ላይ የሚፈጀው ኃይልም እስከ 25 በመቶ እንደሚቀንስ ኩባንያው ገልጿል። መኪና በቀለለ ቁጥር የሚጠጣው ነዳጅ እንደሚያንስ ለማንም ሾፌር የሚነገር አይደለም።

አንባቢው እዚህ ላይ ቆም ብሎ አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይገባል። ይህ ገለፈት ከየት መጣ?

ኢትዮጵያ ለዓለም ገበያ የምታቀርበው ቡና ከሞላ ጎደል ጥሬው ቡና ነው። ገለፈቱ የሚላቀቀው ደግሞ ቡናው ሲቆላ ነው። ስለዚህ ገለፈቱ ከፍሬው ጋር ተጣብቆ፣ ጆንያ ውስጥ ገብቶ፣ በመርከብ ተጭኖ ባሕር ይሻገራል። ሊቃውንት እንደለኩት ይህ ስስ ሽፋን ከጥሬው ቡና ክብደት ከመቶ 4 እጅ ገደማ ነው። ቡና ወደ ውጭ የሚላክበት የተለመደው ጆንያ 60 ኪሎ ይይዛል። እንግዲህ በሰኮሩ በኩል የሚያልፍ እያንዳንዱ ጆንያ ከሁለት ኪሎ የሚበልጥ ለመኪና ክፍል ሊሆን የሚችል ጥሬ ዕቃ ተሸክሞ ያልፋል ማለት ነው። ለዚህ ለብቻው የከፈለም የተከፈለም የለም። የሚቆላው ማዶ ስለሆነ ገለፈቱም የሚረግፈው ማዶ ነው፤ ማዶ ስለረገፈም የማዶው ፋብሪካ ሲሳይ ሆነ።

ይህ ብቻም አይደለም። ከምናመርተው ቡና ግማሽ የሚጠጋው በአገር ቤት የሚጠጣ ነው። በየቤቱ እናቶችና እኅቶች ቡናውን አጥበው፣ በብረት ምጣድ ላይ እያመሱ ገለፈቱን ያራግፋሉ፤ የረገፈውም ከረከቦቱ ሥር ተጠርጎ ይጣላል። ከአንድ ቤት አንድ ጭብጥ አይሞላም። በአገሩ ሁሉ ሲደመር ግን ቁጥሩ ቀላል አይሆንም። እርግጥ ነው፤ ከየቤቱ ጭብጥ ጭብጥ ገለፈት ለመልቀም ሰው ማሰማራት የሚያዋጣ ሥራ አይመስለንም። በአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ ኩንታል በሚቆሉ የቡና ማዘጋጃ ድርጅቶች ዘንድ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ቡናን ቆልቶ ወደ ውጭ የመላክ ጥያቄ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚነገረው የተቆላ ቡና የሚያመጣው የተሻለ ዋጋ ነው። ቆይው ራሱ ቤቱ ሲገባ ሌላም ጥሬ ዕቃ ይዞ እንደሚገባ የሚያነሣ ግን እስካሁን እምብዛም አልገጠመንም።

ስለ ፎርድ ስንናገር ግን ከልክ ያለፈ ውዳሴ ውስጥ መግባት አያስፈልግም። ኩባንያው ይህን ያደረገው ለምድር አዝኖ አይደለም፤ ወጪ ለመቀነስና ስሙን ለማሳመር ነው። የመብራት ማቀፊያም ከመኪናው አካል ትንሹ ነው። ከመኪና ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ዛሬም ብረት ነው። ሆኖም የካፒታል ባለቤት ለትርፉ ሲል ያገኘውን ዕውቀት ሠራተኛው ለጥቅሙ የማያውልበት ምክንያት የለም። ሳይንስ የአንድ መደብ የግል ንብረት ሆኖ አያውቅም።

መኪናን ከውዳቂ የመሥራት ሐሳብም ትናንት የተወለደ አይደለም። ይህን በሚመለከት ከሁሉ ይልቅ ትምህርት ሰጪ የሆነው የምሥራቅ ጀርመኗ ትራባንት ታሪክ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለመኪና አካል የሚሆን ስስ ላሜራ በዚያች አገር እጅግ ብርቅ ነበር፤ ምዕራባውያንም እንዳይሸጥላት ከልክለው ነበር። በስቪካው ከተማ የነበሩ መሐንዲሶችና ሠራተኞች መላ ፈለጉ። ከሶቪየት ኅብረት የሚመጣውን የጥጥ ፋብሪካ ተረፈ ምርት ከሙጫ ጋር አደባልቀው፣ በሙቀትና በግፊት አድርቀው፣ ዱሮፕላስት የተባለ ጠንካራ ገበታ አወጡ። በብረት አጽም ላይ ይህን ገበታ በማልበስ ከ1957 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ድረስ 3 ሚሊዮን ያህል ትራባንቶች ተሠሩ። የማይዝግ አካል ነበር። በዚያ ዘመን በምዕራቡ ዓለም እንደ መሳለቂያ የታየችው መኪና፣ ዛሬ ታላላቅ ኩባንያዎች እንደ አዲስ ግኝት የሚያወሩትን ነገር ቀድማ የሠራች ነበረች።

ታሪኳ ግን ሌላም ገጽ አለው፤ እርሱንም መሸሸግ አይገባም። ዱሮፕላስት አንዴ ከደረቀ ተመልሶ አይቀልጥም። ሲቃጠል መርዛማ ጭስ ያወጣል። ጀርመን ከተዋሐደች በኋላ ብዙ ሰው ትራባንቱን ጥሎ ሌላ መኪና ሲገዛ የተከመረው አካል የት እንደሚደርስ መላው ጠፍቶ ነበር። ከውዳቂ የተሠራ ነገር ራሱ መልሶ ውዳቂ ሆነ። ስለዚህ አንድ ዕቃ ከምን ተሠራ ብሎ መጠየቅ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ካረጀ በኋላ ወዴት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ አብሮት መነሣት አለበት።

በነገራችን ላይ የዚያች አገርና የእኛ ቡና የተገናኙበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ውርጭ የብራዚልን ቡና ካጠፋ በኋላ የዓለም የቡና ዋጋ ተሰቀለ። ምሥራቅ ጀርመን የውጭ ምንዛሪ አጥሯት ለሕዝቧ ከግማሽ በጥቂት የሚበልጥ ቡና ብቻ ያለበት ቅይጥ እስከ ማቅረብ ደረሰች፤ ሕዝቡም አጉረመረመ። በ1969 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በተደረገ ስምምነት የኢትዮጵያ ቡና በጦር መሣሪያና በሌሎች ሸቀጦች ተለወጠ። ልውውጡ ብዙ ሳይቆይ ቆመ፤ ኢትዮጵያም ቡናዋን በውጭ ምንዛሪ መሸጥን መረጠች። ያኔም ከዚህ የሄደው ጥሬው ፍሬ ነበር፤ ከጥጥ ብጣሽ የመኪና አካል የማውጣት ዕውቀት ግን በልውውጡ ውስጥ አልተካተተም። ጥይቱ ተተኩሶ አለቀ። ዕውቀቱ ቢመጣ ኖሮ እስከ ዛሬ በእጃችን ይኖር ነበር።

ወደ ሰኮሩ አካባቢ እንመለስ። ከሰኮሩ ጋር በሚዋሰነው በየም ምድር እንሰት ዋና የኑሮ መሠረት ነው። ሴቶች ግንዱን ፍቀው ቆጮውን ሲያወጡ ቃጫው ይተርፋል። ገመድ ይገመድበታል፤ ለጆንያና ለምንጣፍም ይውላል። እንሰት ከሙዝ ወገን የሆነ ተክል ነው። አባካ የሚባለውም የፊሊፒንስ ተክል እንዲሁ የዚሁ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ የጀርመኑ መርሰዲስ አምራች ከአባካ የሚወጣውን ቃጫ በመስታወት ጭረት ፈንታ ከፕላስቲክ ጋር አዋሕዶ፣ በአንዱ የመኪና ዓይነት ላይ የመለዋወጫ ጎማ የሚቀመጥበትን የውጭ ሽፋን ሠርቶበታል። ይህ ክፍል ከመኪናው ሥር ሆኖ ጠጠርና ጭቃ የሚመታው ነው። የሙዝ ዘመድ ይህን ሁሉ ከቻለ የእኛው እንሰት የሚያቅተው ስለ መሆኑ ማስረጃ ያቀረበ የለም፤ መቻሉንም በፋብሪካ ደረጃ ሞክሮ ያሳየ አላየንም። ጉዳዩ ያለው እዚህ መሐል ላይ ነው። ቃጫው አለ፤ ፈቃቂዋ አለች፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በመልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። በነዚህ መሐል ቃጫውን በጥራት ደረጃ ለይቶ፣ መዝኖ፣ በቋሚነት የሚያቀርብ የተደራጀ እጅ የለም። ፋብሪካ በበኩሉ አንድ ቀን በርካታ፣ ሌላ ቀን ምንም በማያገኝ አቅርቦት ላይ አይቆምም።

ሰፊው ሕዝባችን ግን በዚህ ሥራ ላይ አዲስ አይደለም። እንዲያውም «መልሶ መጠቀም» የሚለው ቃል በስብሰባ አዳራሾች ሳይሰማ በፊት ሥራው በየሠፈሩ ሲሠራ ኖሯል። ከመርካቶ ክፍሎች አንዱ የሆነው ምናለሽ ተራ የዚህ ሕያው ምስክር ነው። በርሜል ተቀዶ ምድጃ ይሆናል፤ ቆርቆሮው ማንቆርቆሪያና መጥበሻ ይሆናል፤ የተሰበረ የሞተር አሉሚኒየም ቀልጦ ድስት ይወጣዋል። ከረጢቱን ተሸክሞ «ቆራሌው!» እያለ በየደጁ የሚዞረው ሰው የዚህ ሰንሰለት የመጀመሪያው ቀለበት ነው። የመኪና ጎማ ሲያልቅ በረባሶ ሆኖ የገበሬውንና የወዛደሩን እግር ሸፍኗል። ይህንኑ ሙያ መሠረት አድርጋ ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ ያቋቋመችው ሶል ሬብልስ፣ ከአሮጌ ጎማ ሶል የተሠራ ጫማ እስከ ውጭ ገበያ አድርሷል። የጭነት መኪና ባሌስትራ ሲሰበር ደግሞ ወደ ቀጥቃጩ ወናፍ ይሄዳል። ባሌስትራ በጥራቱ የተመሰከረለት ብረት ስለሆነ ማረሻ፣ መጥረቢያና ገጀራ ይወጣዋል። ቡና ገበሬው ጥላ ዛፉን የሚመለምልበት ገጀራ ምናልባት ቡናውን ሲያመላልስ የኖረ መኪና ባሌስትራ ይሆናል።

መኪናው ራሱስ ቢሆን? ኤንትሬ እየተባለ የሚጠራው የፊያት የጭነት መኪና በተሠራበት አገር ቅርስ ሆኖ በሙዚየም ሲቀመጥ፣ በእኛ መንገዶች ላይ ለዐሥርት ዓመታት ጭነት ሲያመላልስ ኖሯል። ያኖረው የላሜራ ቀጥቃጩ፣ የበያጁና የመካኒኩ እጅ ነው። አንዱ ካንዱ ተፈትቶ፣ የተሰበረው ተበይዶ፣ የጠፋው በቶርኖ ተፈልፍሎ መኪናው ቆመ። አዲስ ብረት ሳይቀልጥ፣ አዲስ ፕላስቲክ ሳይጋገር የመኪናን ዕድሜ ማርዘም ከማንኛውም መልሶ የማምረት ዘዴ የበለጠ ጥሬ ዕቃ የሚቆጥብ ሥራ ነው። ይህን ሲሠራ ለኖረው ሰው የተሰጠው ማዕረግ ግን ምን ነበር?

ባላባታዊው ሥርዓት የእጅ ባለሙያን በእጅጉ ይንቅ ነበር። ብረት ቀጥቃጩን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያለ ከማዕድ ያገልለው ነበር፤ በጅማና በአካባቢው «ቱምቱ» የሚባሉት ቀጥቃጮችም ከዚህ ንቀት አላመለጡም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያሳያል። ዐዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ የንቀቱን ሥር ግን አልነቀለም። ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም ቆራሌውን በር ላይ ሲያይ ፊቱን የሚያጠቁር፣ ዕቃ እንዳይሰረቅ ብሎ ልጆቹን የሚያስጠነቅቅ የሠፈር ነዋሪ ጥቂት አይደለም። ያ ሰው የአንድን ከተማ ብረትና ፕላስቲክ በትከሻው እያነሣ መሆኑን ግን አያስተውልም። የአውሮፓ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዱ ያረጀ መኪና እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከክብደቱ 95 በመቶ ተመልሶ ሥራ ላይ እንዲውል፣ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 85 በመቶው መልሶ በመጠቀም ወይም መልሶ በማምረት እንዲሆን ደንግጓል። ለዚህም ፋብሪካዎች፣ ተቆጣጣሪዎችና ሕግጋት ቆመዋል። የእኛ ቆራሌውና የምናለሽ ተራው ሠራተኛ ይህንኑ ሥራ ያለ መመሪያና ያለ ደመወዝ ሲያከናውን ኖሯል።

ያለ ጓንትና ያለ ጭምብልም ጭምር። ከዚህ በታች ያለው ነጥብ ከሁሉ ይልቅ ክብደት ሊሰጠው የሚገባ ነው። የተለመደው የመኪና ባትሪ በውስጡ እርሳስና አሲድ አለው። እርሳሱ ከሞላ ጎደል ሁሉ ተመልሶ ሊቀልጥና አዲስ ባትሪ ሊሆን ስለሚችል ያረጀ ባትሪ ዋጋ አለው። ችግሩ ያለው በአቀላለጡ ላይ ነው። በጓሮ ባትሪውን በመጥረቢያ ሰብሮ፣ አሲዱን መሬት ላይ ደፍቶ፣ እርሳሱን በክፍት ድስት የሚያቀልጥ ሰው ጭሱን ራሱ ይተነፍሳል። ዱቄቱ በልብሱ ላይ ተቀምጦ ቤቱ ይገባል፤ ልጆቹ ከሚጫወቱበት መሬት ጋር ይደባለቃል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን አለመታወቁን ደጋግሞ አስገንዝቧል። ጉዳቱ እንደ ትኩሳት ወዲያው አይታይም፤ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ ሲደክም ግን ማንም ከጓሮው ድስት ጋር አያያይዘውም። ድስት ካነሣን አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በካሜሩን ገበያ ከሚሸጡ፣ ከውዳቂ አሉሚኒየም ከተሠሩ ድስቶች እርሳስ ወደ ምግብ እንደሚገባ አሳይቷል። የሞተር ክፍል፣ የራዲያተር ቁራጭ፣ ቀለም ያለበት ብረት ሁሉ አብሮ ሲቀልጥ ምን እንደሚከተል ለመገመት የኬሚስትሪ ሊቅ መሆን አያሻም። አሉሚኒየምን ከውዳቂ ማቅለጥ ከማዕድኑ ከማውጣት ጋር ሲነጻጸር 95 በመቶ ያህል ኃይል ይቆጥባል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ጥቅሙ ግን በአቅላጩ ሳንባና በተመጋቢው ልጅ ደም የሚከፈል ከሆነ ሒሳቡ ሐሰተኛ ይሆናል። «አካባቢን መጠበቅ» በሚል መፈክር ሥር ሠራተኛውን የሚረሳ ሐሳብ ሁሉ መልኩን የቀየረ ብዝበዛ ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። የኤሌክትሪክ መኪኖች በከተሞቻችን መንገዶች ላይ በቁጥር እየበዙ ነው፤ የሚገጣጥሙም ድርጅቶች አሉ። ለሰኮሩ ሕዝብ ይህ ነገር የሩቅ ወሬ አይደለም። ከደጁ ያለው የግልገል ጊቤ ውኃ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። ግድቡ ሲሠራ መሬቱን ለውኃው የለቀቀው የዚሁ አካባቢ ገበሬ ነው። እንግዲህ መኪናውን የሚነዳው ኃይል የራሳችን ነው፤ መኪናው ግን ከብረቱ እስከ ወንበሩ ስፖንጅ በሣጥን ታሽጎ ይመጣል። መገጣጠም መጀመሪያ እንጂ መድረሻ አይደለም። በአዲስ አበባ አምቼ የጭነት መኪና ለመገጣጠም የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የቆየው ይህ ልምድ የሚያስተምረን፣ ብሎን ማጥበቅ ብቻውን የጥሬ ዕቃን ዕውቀት እንደማያመጣ ነው። ይህን ስንል የገጣጣሚውን ሠራተኛ ሙያ ለማሳነስ አይደለም፤ እርሱ ዘንድ ያለው ጥሩ እጅ የሚሠራበት የአገር ውስጥ ቁስ እንዲያገኝ ለመጠየቅ ነው። የወንበር መሙያ፣ የበር ውስጥ ልባስ፣ የወለል ምንጣፍ፣ የመብራት ማቀፊያ ቀላል ከሚባሉት ክፍሎች ናቸው። ከቃጫና ከገለፈት መጀመር የሚቻለውም በነዚህ ነው።

ከሠፈር ማኅበራትና ከሠራተኞች የሚጠበቀውስ? በየጊዜው የሚደረገውን የጽዳት ዘመቻ ሁላችንም እናውቀዋለን። መጥረጊያና አካፋ ይወጣል፤ ቆሻሻው በአንድ ቦታ ይከመራል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ክምሩ ሳይለይ ይቃጠላል። ፕላስቲክ፣ ባትሪ፣ ጎማና የምግብ ትራፊ አብረው ሲጨሱ ሠፈሩ ጸዳ ይባላል። እንዲህ ያለው ዘመቻ ቆሻሻውን ከዓይን ወደ ሳንባ ከማዛወር አያልፍም። ከዘመቻው ይልቅ መለየት ይቀድማል። ብረት ለብቻ፣ ፕላስቲክ ለብቻ፣ ባትሪ ፈጽሞ ሳይሰበር ለብቻ። ለዚህ ሥራ ገንዘብ ሳይሆን አንድ የተከለለ ቦታና አንድ ተጠሪ ይበቃል። ቆራሌውም ከሌባ ጋር ከመቆጠር ይልቅ መታወቂያ ተሰጥቶት፣ ከማኅበሩ ጋር በውል ቢሠራ ማኅበሩም እርሱም ይጠቀማሉ። ዕድሮች ለቀብር የሚሆን ድንኳንና ወንበር በሥርዓት ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ያን ያህል ሥርዓት ያለው ሕዝብ ባትሪን ከቆሻሻ መለየት አያቅተውም።

የቡና ማበጠሪያና ማጠቢያ ባለበት ቦታ ያለው ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይሰፋል። ጀንፈል ሲፈለፈል ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ገለባ ነው። ገለባው በየፈልፋዩ ጓሮ ተራራ ያህል ይከመራል፤ አንዳንዱ ይቃጠላል፤ አንዳንዱ ወደ ወንዝ ይገፋል። እሸት ቡና የሚያጥቡት ጣቢያዎችም ፍሳሻቸውን ወደ ጅረት ይለቅቃሉ። በጅማ አካባቢ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ይህ ፍሳሽ ውኃውን እንደበከለና በአቅራቢያው የሚኖሩ ሰዎችም በጤናቸው ላይ ጉዳት እንደደረሰባቸው አመልክቷል። የራስ ማዞር፣ የቆዳና የዓይን ማሳከክ፣ የትንፋሽ ችግር ተመዝግቧል። የተለቀመው ቡና በመኪና ሄደ፤ ገንዘቡም በመኪና መጣ፤ ትርፉን ያላየው ከጅረቱ የሚቀዳው ሰው ግን ገለባውን ጠጣ። ገለባውን ለማገዶ ጡብ፣ ለማዳበሪያ፣ ነገም ለፋብሪካ ድብልቅ ማዋል ከሁሉ በፊት ይህን ሰው የሚመለከት የፍትሕ ጉዳይ ነው። የማጠቢያ ጣቢያው የኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነ ደግሞ ባለቤቱም ተጎጂውም ያው ገበሬ ስለሆነ፣ ለውጡን ለመጀመር የማንንም ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልገውም።

አንድ አስቸኳይ ነገር ይቀራል። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ከእርሳሱ ባትሪ የተለየ ነው። ሊቲየም አለበት፤ እንደ ዓይነቱም ኒኬልና ኮባልት ሊኖርበት ይችላል። በብዙ መቶ ኪሎ የሚመዘን ሲሆን፣ በጓሮ በመጥረቢያ ቢከፈት እሳቱ በውኃ በቀላሉ አይጠፋም። አምራቾች በአብዛኛው ለባትሪው የሚሰጡት ዋስትና 8 ዓመት ገደማ ነው። ዛሬ በጅማ መንገድ ላይ የሚሽከረከሩት መኪኖች ባትሪ ሲደክም አስመጪው መልሶ ይረከባል ወይስ አይረከብም? በገዢዎችና በሻጮች መካከል በሚፈረመው ውል ውስጥ ይህ አንቀጽ አለ? ለሠራተኞቹ ማመላለሻ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ የሚገዛ ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር፣ ለታክሲ ሥራ በጋራ የሚገዙ ወጣቶችም ጥያቄውን ማንሣት የሚገባቸው ባትሪው ከሠፈር ጓሮ ሲደርስ ሳይሆን ከፊርማው በፊት፣ ውሉ በጠረጴዛ ላይ ሳለ ነው።